ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ማጽናኛ

የኢንቲሳር ሱለይማን እናት፣ ልጅሽ የት ነው የምትሠራው ሲባሉ «ፖስታ ቤት» ይላሉ። ኢንቲሳር ብዙ ጊዜ ልታስረዳቸው ሞክራለች። የገጠር ጤና ጣቢያዎችን በሚያግዝ አንድ ማኅበር ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ሥራዋም የማኅበሩን ኢሜይል የሚይዘውን ሰርቨር መጠበቅ ነው። እናቷ ሁሉንም በትዕግሥት ያዳምጡና «ታዲያ ደብዳቤ አይደለም እንዴ የምትልኪው?» ይሏታል። አርባ ዓመት ከሞላት ወዲህ ማስተባበሉን ትታዋለች።

ሰርቨሩ የሚገኘው አሶሳ፣ ማኅበሩ ግቢ ውስጥ፣ የክትባት ማቀዝቀዣዎች ካሉበት ክፍል ጥግ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚደርሰው እዚያ ክፍል ብቻ ስለሆነ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ያመጣው የመድኃኒት መኪናው ሾፌር ጋሽ ቢሻው ነው። በጋቢ ጠቅልሎ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠውና የደኅንነት ቀበቶ አሰረለት። አብሮት ይመጣ የነበረውን ሥራ አስኪያጅ ከካርቶኑ ጋር ከኋላ አስቀመጠው። ሁለት ቀን ሙሉ በጉድጓዱ ሁሉ እየቀነሰ ነድቶ ግቢው ሲደርስ፣ ኢንቲሳር እጇን ዘርግታ ስትቀበለው «ቀስ፣ እንቁላል ነው» አላት። ያን ዕለት ኢንቲሳር ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ በአንድ ማሽን ምክንያት እንዲህ ደስ የሚል ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየችም።

ጋሽ ቢሻው ቅዳሜ ዕለት በድንገት ሞተ።

ነገሩ የጀመረው ከዚህ ነው። ማኅበሩ ሦስት መቶ አርባ ሰዎች ያሉበት አንድ የኢሜይል ዝርዝር አለው። ለዝርዝሩ አድራሻ አንድ ደብዳቤ የላከ ሰው ለሁሉም ላከ ማለት ነው። ከባምባሲ እስከ ጉባ ያሉ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶችና የመጋዘን ሠራተኞች የክትባት መኪናው መቼ እንደሚደርስ፣ የእባብ መርዝ ማርከሻ የትኛው መጋዘን ውስጥ እንዳለ የሚያውቁት በዚሁ ዝርዝር ነው። ሰማንያው ደብዳቤያቸውን የሚያነቡት በማኅበሩ ዌብሜይል ነው፤ ጣቢያቸው ውስጥ ባለችው አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር፣ ኔትወርክ በመጣ ሰዓት። የቀሩት ሁለት መቶ ስድሳዎቹ ግን ደብዳቤው በውጭ አገር ኩባንያዎች ወደከፈቱት የግል ሳጥናቸው እንዲተላለፍላቸው አድርገው በስልካቸው ያነባሉ።

የጋሽ ቢሻውን መርዶ በዝርዝሩ ላይ የላኩት የሸርቆሌው ጣቢያ ኃላፊ ዓብዱልላጢፍ ናቸው። ዝርዝሩን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ ባለቤቱ ተብለው የተመዘገቡትም እሳቸው። ኢንቲሳር «ዓሚ» ትላቸዋለች፣ አጎቴ እንደማለት። መርዶው በወጣ በሩብ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው «ነፍስ ይማር» መጣ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሃያኛው። እሑድ ማታ ላይ ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ሰው መልሷል፤ እያንዳንዱም መልስ ለሦስት መቶ አርባው ሁሉ ሄዷል።

የውጭ ሰው ቢያየው ሞኝነት ሊመስለው ይችላል። የዚያ አገር ሰው ግን ከየት እንደመጣ ያውቃል። ከአምስት ዓመት በፊት የአንድ ነርስ ልጅ ሞታ፣ በዝርዝሩ ላይ ያጽናኑት ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሌሎቹም ጽፈው ነበር፤ ለየብቻው ለእሱ ጽፈው። እሱ ግን የቆጠረው ሰው ሁሉ ያየውን ነበር። «ዘጠኝ ሰው ነው ያለኝ» ብሎ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በዝርዝሩ ላይ ሞት ከተነገረ ሰው ሁሉ እያየ መመለስ ግዴታ ሆነ። ያልመለሰ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታው ይቀዘቅዛል።

ቀጥሎ የኢንቲሳር አባት ሞቱ። ሱለይማን የኩርሙክን መንገድ ሠላሳ ዓመት የተመላለሱ ነጋዴ ነበሩ። በዚያ ሳምንት ሁለት መቶ ሦስት ሰው ጻፈላት፤ ስማቸውን ብቻ የምታውቃቸው፣ ፊታቸውን ያላየቻቸው ሰዎች ሳይቀሩ። ደብዳቤዎቹን ለብቻ አስቀምጣቸዋለች፤ በዝናብ ወራት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ አልፎ አልፎ ትከፍታቸዋለች። ስለዚህ ዓሚ ዓብዱልላጢፍ ከወር በኋላ «ሰው አድራሻ እየተሳሳተ ነው፤ መልስ ሲጫን በራሱ ለሁሉም እንዲሄድ አድርጊልን» ሲሏት እሺ አለች። የሙያው መጽሐፍ አይደረግም እንደሚል ታውቃለች። በሥራ ዘመኗ እያወቀች ያጠፋችው ጥፋት ይህ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ የሰርቨሩ ወረፋ ተመላሽ በሆኑ ደብዳቤዎች ተሞልቶ አገኘችው። በወር አሥር ሺህ ደብዳቤ የማይልክ ማሽን በሁለት ቀን ውስጥ ከሰባ አምስት ሺህ በላይ ወደ ውጭ ልኳል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ሁለት ቃል። ሦስቱ ትልልቅ የኢሜይል ኩባንያዎች ከዚህ በላይ ምልክት አላስፈለጋቸውም። የአሶሳውን ሰርቨር ቆሻሻ ደብዳቤ ከሚበትኑት ተርታ መድበው በሩን ዘግተውበታል።

የአስተዳደር ኃላፊው ደባልቄ ከእሷ ቀድሞ ሰምቷል። ደባልቄ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ አሥራ አንድ ዓመት የቆየ፣ ሥራ የሚወድ፣ ማሽን የማይወድ ሰው ነው። ቦርዱ በስልክ ተነጋግሮ እንደወሰነ ነገራት። ዓርብ የሩብ ዓመቱ የቀዝቃዛ መድኃኒት መርሐ ግብር ለሁሉም መላክ አለበት። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ደብዳቤው ከደረሰ ደረሰ፤ ካልደረሰ ሰርቨሩ ይዘጋል፣ ሁሉም ነገር ወደ ቴሌግራም ይዞራል።

ኢንቲሳር ሰማንያዎቹስ ብላ ጠየቀችው። የቁልፍ ስልክ የያዙት፣ ኔትወርክ በቀን ሁለት ሰዓት የሚያገኙት?

«ለእነሱም እንደውላለን» አለ ደባልቄ። «ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ጊዜ ነፍስ ይማር! ስልኬ እሑድን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። ይኼ ጤና ነው?»

«ጋሽ ደባልቄ፣ እርስዎ አሥራ ሰባተኛ ነዎት።»

ደባልቄን ሳቁ አመለጠው። «ቢሻው ነዋ» አለ ቀስ ብሎ። «ለቢሻው ልቅር?» ቀኑን ግን አላራዘመላትም።

ኢንቲሳር ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ያለውን አየችው። ኩባንያዎቹ በራቸውን ለሚያስከፍት ሰው የሚሞላ ቅጽ አላቸው። ቅጹ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ምን ተፈጠረ፣ እንዳይደገምስ ምን አደረጋችሁ። ለሁለተኛው መልስ እንዲኖራት መጀመሪያ ዝርዝሩን መለወጥ አለባት። የሰርቨሩ ዋና ቁልፍ በእጇ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ልትለውጠው ትችላለች። ግን ዝርዝሩ የዓሚ ዓብዱልላጢፍ ነው፤ ሳይጠየቁ ቢለወጥ በነጋታው ሦስት መቶ አርባ ሰው የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። በስልክ የሚባል ነገርም አልነበረም። ማክሰኞ ማለዳ በባጃጅ ወደ መነኸሪያ ሄዳ የሸርቆሌ ሚኒባስ ያዘች።

ዓሚ ዓብዱልላጢፍ በጣቢያው በረንዳ ላይ፣ ወረፋ ከሚጠብቁ እናቶች ራቅ ብለው ተቀበሏት። በበርታ ቋንቋ ነበር ያወሩት። ሁሉንም ነገረቻቸው። ከዚህ በኋላ መርዶ በዝርዝሩ ላይ ሲወጣ መልሱ ለሁሉም እንደማይሄድ፣ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ብቻ እንዲሄድ ልታደርግ እንደሆነ ስትነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሰው ለቅሶ ሲመጣ በር ላይ ቆመሽ ልትመልሺው ነው?»

«አልመልሰውም ዓሚ። በሌላ በር ላስገባው ነው።»

«በሌላ በር ከገባ ማን አየው? አባትሽ የሞቱ ጊዜ እንዲህ ቢሆን ትወጂ ነበር?»

ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻቸው። እሑድ ማታ የመጋዘን ፋርማሲስቷ ዘመናይ ለዝርዝሩ የላከችው ደብዳቤ ነበር። የእባብ መርዝ ማርከሻው አንደኛው መጋዘን ውሃ ስለገባበት ወደ ሌላ እንደተዛወረ ይናገራል። ከሥሩ ተመላሽ የሆነባቸው ሁለት መቶ ስድሳ ስሞች ተዘርዝረዋል። የዓሚ ዓብዱልላጢፍ ጣቢያ ሁለት ነርሶችም አሉበት።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። በዚያ መካከል የተነደፈ ሰው ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። አልነበረም አለቻቸው፤ ግን ያ ዕድል እንጂ የእኛ ሥራ አይደለም አለች። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ። አንዲት እናት የታቀፈችው ሕፃን አለቀሰ፤ ዞር ብለው አዩትና ተመለሱ።

«እኔ የማውቀው ለቅሶ» አሉ፣ «በሦስተኛው ቀን ማን እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣ በአንድ ላይ ይነገራል። ሰው ሁሉ በየገባበት ሰዓት አይለፈፍም። ያንን ያንቺ ማሽን አይችልም?»

ይችላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይችል ነበር። ለኔትወርክ ደካማ ጣቢያዎች የሳምንቱን ደብዳቤዎች ሰብስቦ በአንድ ጥቅል የሚልክበት ሥርዓት አለው፤ ራሷ ናት የሠራችላቸው። ለሪፖርት እንጂ ለሰው ሞት ሊሆን እንደሚችል አንድም ቀን አስባው አታውቅም። መልሶቹ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገቡና በሦስተኛው ቀን አንድ ደብዳቤ ብቻ ይወጣል፤ የሁሉም ስም፣ የሁሉም ቃል፣ በመጡበት ቅደም ተከተል።

«የጋሽ ቢሻው ሦስተኛ ቀን ትናንት አለፈ» አለች። «ሰባቱ ግን ዓርብ ነው።»

«እንግዲያው ዓርብ ይሁን። ግን ልብ በይ፣ ከመውጣቱ በፊት እኔ አየዋለሁ። አንድ ስም ቢጎድል የሚወቀሰው ማሽኑ አይደለም።»

ረቡዕ ጠዋት ዝርዝሩን ለወጠችው። መልስ የሚጫን ሰው መልሱ ወደ ሳጥኑ ብቻ ይገባል። ለሁሉም መጻፍ የፈለገ ደግሞ ከመውጣቱ በፊት በእሷና በዓሚ ዓብዱልላጢፍ ዓይን ያልፋል። ያንን ጨርሳ ቅጾቹን ከፈተች። ደባልቄ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሊረዳት ፈልጎ ነው። ሰርቨራችን ተጠልፎ ነበር በያቸው፣ አላት። ይኼ በየአገሩ ያለ ነገር ነው፣ ሳይጠይቁ ይገባቸዋል። ለቅሶን ለፈረንጅ በአምስት መቶ ፊደል ማን ያስረዳል?

ኢንቲሳር አልተቀበለችውም። ተጠልፎ ነበር ብትል በየት ገባ፣ ምኑን ዘጋሽው ይሏታል፤ ከዚያ ሌላ ውሸት መሥራት ሊኖርባት ነው። ለዚያ የሚሆን ጊዜ የላትም። ደግሞ ማንም አልጠለፋትም። በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየቆጠረች ጻፈች። አንድ ባልደረባችን እንደሞተ፣ በአካባቢያችን ያላጽናና ሰው እንደቀረ እንደሚቆጠር፣ ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ሰው ለሁሉም እንደመለሰ፣ መልሱ ለሁሉም እንዲሄድ ያደረገችው ራሷ እንደሆነች፣ አሁን እንደለወጠችው። ስሟን ከነሥራዋ ፈርማ ለሦስቱም ላከች።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት መልስ መጣ። አንዱ ከማሽን ነው፤ ጥያቄያችሁ መስፈርቱን አያሟላም ይላል፣ ለምን እንደሆነ አይልም። ደባልቄ ይኼን ሲያይ እጁን አወናጨፈና ወጣ። ሁለተኛው ከሰው ነበር። አራት ቃል፤ «ስለ ባልደረባችሁ አዝናለሁ። ከፍቼዋለሁ።» ስም የለውም።

ኢንቲሳር የሰውዬውን ደብዳቤ ወደ ጎን አደረገችና በማሽኑ መልስ ላይ ተቀመጠች። መስፈርት ካለ ያላሟላችው ነገር አለ። ከሰርቨሩ የሚወጣ እያንዳንዱ ደብዳቤ ማኅተም ይታተምበታል፤ ተቀባዩ ኩባንያ ማኅተሙን አይቶ ደብዳቤው በእርግጥ ከማኅበሩ መሆኑን ያረጋግጣል። እየሠራ ነው ብላ ነበር የምታምነው። አንድ ደብዳቤ በዝርዝሩ በኩል ልካ መስመር በመስመር ስትመረምረው ማኅተሙ ተሰብሮ አገኘችው። የሰበረችው ዝርዝሩ በየደብዳቤው ግርጌ የሚጨምራት የማኅበሩ መፈክር ነበረች። ከታተመ በኋላ አንድ መስመር ከተጨመረበት ማኅተሙ ይፈርሳል። ያቺ መስመር ከስድስት ዓመት በፊት በስብሰባ ተወስና የገባች ናት፤ ደባልቄ ነው ቃለ ጉባኤውን የያዘው። ሄዳ ልታወጣት እንደሆነ ነገረችው።

«መፈክራችንን?» አለ።

«ያለ መፈክር ይድረስ ወይስ ከመፈክሩ ጋር ይቅር?»

«አውጪያት» አለ ደባልቄ። «እኔም ወድጃት አላውቅም።»

አወጣቻት። ከዚያ ለአንደኛው ኩባንያ ቅጹን እንደገና ሞላች፤ የመጀመሪያውን ታሪክ ሳትቀንስ፣ ማኅተሙን ጨምራ። ከሰዓት በኋላ ያም ተከፈተ። ሦስተኛው ኩባንያ ምንም አልመለሰም። ስትፈትነው ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ደብዳቤ በላይ በአንድ ጊዜ ሲመጣበት ብቻ አልቀበልም እንደሚል አስተዋለች። እንግዲያው በዝግታ ይሄዳል፣ ጋሽ ቢሻው ማሽኑን እንዳመጣው።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ላይ መርሐ ግብሩን ለቀቀችው። ሁለቱ ክፍት ኩባንያዎች የእነሱን ድርሻ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተቀበሉ። ለሦስተኛው ዘጠና ደብዳቤ ነበር የሚሄደው፤ በአምስት ደቂቃ ሁለት፣ ሁለት እንዲወጣ አድርጋ አሰረችው። ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት አራት ሰዓት አለ፤ ሒሳቡ ቁርጥ ነው፣ ተርፎም ጥቂት ደቂቃ። አራት ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ጠፋ።

ደባልቄ መጣ። ማቀዝቀዣዎቹ መካከል ቆሞ ስክሪኑን አየ። «አሁንስ ደብዳቤው የት ሄደ?»

«ወረፋ ይዟል። መንገዱ ሲከፈት ማንም ሳይነካው ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ ቢሆን ሰማንያዎቹ ጋ መድረሱን ማንን ነበር የምንጠይቀው?»

ደባልቄ ወደ ቢሮው አልተመለሰም። የክትባት ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ። ኔትወርኩ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲመጣ ወረፋው ካቆመበት ቀጠለ። የባከነውን ሰዓት ለማካካስ ሁለቱን ሦስት አደረገችው፤ ኩባንያው ምን እንደሚል ጠበቀች። ተቀበለ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ አምስት ቀሩ። ከመስጊድ የመጀመሪያው የጁምዓ ጥሪ ሲሰማ ስድስት። ከዚያ ባዶ። ለስድስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ለሰማንያዎቹ የዌብሜይል አንባቢዎች መድረሱን ማሽኑ ቢናገርም ደባልቄ ከሰው አፍ መስማት ፈለገ። ስልኩን አውጥቶ ወደ ጉባ፣ ኑራ ወደምትባል ነርስ ደወለ፤ ድምፁንም ከፈተው።

«ደብዳቤ መጣ» አለች ኑራ፣ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ በምትናገረው አማርኛ። «መኪናው ማክሰኞ ነው አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣው፤ በፊት ብዙ ጊዜ ይመጣል። ችግር አለ?»

«የለም» አለ ደባልቄ። «አንድ ጊዜ ይበቃል።» ስልኩን ዘጋና ቦርዱ ጋ ልደውል ብሎ ተነሣ። በሩ ላይ ደርሶ ዘወር አለ። «የቢሻውስ? ዛሬ አይደል?»

የጋሽ ቢሻው ጥቅል ዝግጁ ነበር። ሁለት መቶ ዘጠና አንዱም ስም ከነቃሉ፤ ደባልቄ አሥራ ሰባተኛ ላይ። በመጨረሻ ያንን ስም የሌለውን ሰው ጨምራበታለች፤ ሁለት መቶ ዘጠና ሁለት። ከመውጣቱ በፊት ዓሚ ዓብዱልላጢፍ እንዲያዩት ላከችላቸው። ከጁምዓ ተመልሰው ደወሉ። ስለ ፈረንጁ ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። ይግባ፣ ከሩቅ ነው የመጣው አሉ። ከዚያ «አንድ ስም ጎድሏል» አሏት።

ሳጥኑን ሦስት ጊዜ ቆጥራዋለች።

«የማን ነው ዓሚ?»

«ያንቺ።»

ከሰኞ ጀምሮ ያለውን ቀን በሐሳቧ መለሰችው። ሸርቆሌ ሄዳለች፣ ቅጽ ሞልታለች፣ ማኅተም ጠግናለች። ጋሽ ቢሻውን ለማታውቀው ሰው በእንግሊዝኛ አስረድታለች። ለቤተሰቡ ግን አንድ ቃል አልጻፈችም።

ስልኩን ዘግታ እንደማንኛውም ሰው ዌብሜይሏን ከፈተች፤ መልስ የሚለውን ተጫነች። ሁለቱን ቃል ጻፈችና ትክክል አልመሰላትም፤ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረች። «ያመጣው ማሽን ዛሬም ይሠራል።» ላከችው። ደብዳቤው ወደ ሳጥኑ ገብቶ በስተመጨረሻው፣ ከፈረንጁ በታች፣ ሁለት መቶ ዘጠና ሦስተኛ ሆኖ ተቀመጠ።

ከዚያ ጥቅሉን ለቀቀችው። ሦስት መቶ አርባ ደብዳቤ ወረፋ ያዘ፤ ሁለት፣ ሁለት እያለ መውጣት ጀመረ። ቁጥሩን እያየች ተቀመጠች።